ብርሃን ከማሞቅ ሌላ ምን ይሠራል?

ጥያቄው የተማሪዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ብርሃን ሳስተምር አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ብርሃን ጠጣር ነገር ላይ ሲያርፍ ከማሞቅ ሌላ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀችኝ። ፀሐይ ድንጋዩን፣ ቆርቆሮውን፣ አስፋልቱን ስታሞቅ እናያለን። ሌላስ? ስለ ሶላር ፓኔል ትንሽ ነገር ነግሬያት አለፍኩ። ማታ ግን መልሴ ለራሴም አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ወደ ኢንተርኔት መድረካችን ገብቼ ይህን የውይይት ክር ከፈትኩ።

የጻፍኩት በአጭሩ ይህ ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ሁሌም እንደፈለጋቸው አይንከራተቱም። ሥርዓት ይይዛሉ። በማግኔት ውስጥ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራሉ። በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለ አንዳች እንቅፋት ይፈሳሉ። በአንዳንድ ክሪስታሎች ውስጥ ደግሞ አንድ ቦታ ወፈር፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ እንደገና ወፈር እያሉ በሞገድ መልክ ይደረደራሉ። ይህን ሥርዓት ለማፍረስ ሁላችንም የምናውቀው መንገድ ማሞቅ ነው። ለመመለስ ደግሞ ማቀዝቀዝ። የእኔ አቋም ግን እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ከዚያ ያለፈ ሥራ እንደሚሠራ ነበር። አሮጌውን ሥርዓት ከማፍረስ አልፎ በማሞቅም በማቀዝቀዝም የማይገኝ አዲስ ሥርዓት ይሠራል አልኩ። ይህ ከማሞቅ በምን እንደሚለይ ለልጅቷ በምትረዳው ቋንቋ ማስረዳት አቃተኝ፣ እርዱኝ ብዬ ጨረስኩ።

24 መልስ መጣ። ብዙዎቻችሁ ክሩ ረዘመ ስላላችሁ እንደ ቅደም ተከተሉ ልተርከው።

1ኛው መልስ የመጣው ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነው። ጥያቄውን አመሰገኑና ከጊዜው ጀመሩ። ብርሃን ከጨረቃ እኛ ጋ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ከምናምን ይበቃዋል። በአንድ ፌምቶሴኮንድ (የሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ) ግን የሚጓዘው 0.3 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። በ100 ፌምቶሴኮንድ እንኳ የአንድ ፀጉር ውፍረት አያቋርጥም። እንዲህ ያለ ብልጭታ ክሪስታል ላይ ሲያርፍ ጉልበቱን መጀመሪያ የሚቀበሉት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። ከባዶቹ አቶሞች ወሬው የሚደርሳቸው ቆይቶ ነው፤ ከአንድ ፒኮሴኮንድ (1000 ፌምቶሴኮንድ) ገደማ በኋላ። በዚያች መሐል አንድ ክሪስታል ሁለት ሙቀት አለው። ኤሌክትሮኖቹ በሺዎች ዲግሪ የጋሉ፣ አቶሞቹ ገና ቀዝቃዛ። ስለዚህ ሞቀ ከማለታችን በፊት ማን እንደሞቀ እንጠይቅ አሉ ጋሼ። ይህች አባባል እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ አብራን ሄደች።

2ኛው አረመኝ። ፌምቶሴኮንድን የናኖሴኮንድ አንድ ሺህኛ ብዬው ነበር። አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሺህኛው ፒኮሴኮንድ ነው። በትህትና ነው የነገረኝ፤ አስተካክዬዋለሁ።

3ኛው የቫናዲየም ኦክሳይድን ታሪክ አመጣ። ሞሪን የተባለው ተመራማሪ በ1959 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች ነው) ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው ያገኘው። ይህ ነገር ከ68 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። ከዚያ በላይ እንደ ብረት በደንብ ያስተላልፋል። በ2001 ደግሞ ያንኑ ለውጥ በሌዘር ብልጭታ ከአንድ ፒኮሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ማምጣት እንደሚቻል ታየ። ጸሐፊው ግን ለእኔ ሊያደላ አልፈለገም። ውጤቱ በምድጃም በሌዘርም እንደ ብረት መሆን ከሆነ፣ ሌዘሩ ፈጣን ምድጃ ከመሆን በምን ያልፋል ብሎ ጠየቀ። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ቀጥታ መልስ የሰጠው ግን የለም።

4ኛው አጭር ነው። በ1996 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ኒኬል በ60 ፌምቶሴኮንድ ብልጭታ ሲመታ ማግኔትነቱ ከአንድ ፒኮሴኮንድ ባነሰ ጊዜ አሽቆለቆለ። እስከዚያ ድረስ ማግኔት እንዲህ ይፈጥናል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። የዛሬው የዘርፉ ሩጫ በብዛት የተነሳው ከዚያ ሙከራ ነው። ነገር ግን ይህም ማፍረስ ነው፤ መገንባት አይደለም።

5ኛው መልስ በመገንባት መጣ። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ያደገች፣ አሁን አሜሪካ ያለች ናት። ምሳሌዋ የታክሲ ሰልፍ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሕዝቡ ከቆመው ታክሲ በር ጀምሮ አንድ ረጅም ሰልፍ ይዟል። ከሰልፉ አጠገብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሌላ ሰልፍ መያዝ ይቻል ነበር። የመጀመሪያው ጠንካራ ስለሆነ ግን ሁለተኛው ዕድል አያገኝም። ድንገት ፊሽካ ቢነፋና ሰልፉ ለአፍታ ቢበተን፣ ሰው ተመልሶ እስኪሰለፍ ድረስ ያ የታፈነው ሰልፍ ብቅ ይላል።

ከላንታነምና ከቴሉሪየም በተሠራ ክሪስታል ላይ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዩት ይህንን ነው። ሥራው በ2020 ታትሟል። በክሪስታሉ ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ሞገድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ብልጭታው ያንን ሲያዳክመው፣ በሱ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመው በሌላው አቅጣጫ አዲስ ሞገድ ተነሳ። ይህ ሁለተኛው ሞገድ ክሪስታሉን ብታሞቀውም ብታቀዘቅዘውም አይገኝም። ከጥቂት ፒኮሴኮንዶች በኋላ አሮጌው ሲመለስ አዲሱ ጠፋ። ይህን ሳነብ ብድግ አልኩ። ለልጅቷ የምነግራት ምሳሌ ተገኘ።

6ኛው የክሩ ልብ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ልቆይ። ጀርመን ውስጥ ዶክትሬቷን የምትሠራ እህታችን አንድ ሌሊት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያየችውን ጻፈች።

ክሪስታሏ የታንታለምና የሰልፈር ናት። ጥቁር ሆና የምታብረቀርቅ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቅርፊት። ፊቷ ንጹሕ እንዲሆን ፕላስተር ለጥፋባት ላዩን ትልጣታለች። ቀስ ብሎ ነው የሚላጠው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ክሪስታሏ ትሰበራለች። ከዚያ አየር የወጣለት ክፍል ውስጥ ገብታ በፈሳሽ ሂሊየም ትቀዘቅዛለች።

የሌዘሩ ጨረር ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ይመታል፤ ሌላው ዘግይቶ ደርሶ የሆነውን ያያል። መዘግየቱ የሚለካው በሰዓት አይደለም። እንዲህ ያለ ፈጣን ሰዓት ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ጨረር ሐዲድ ላይ ከተቀመጠ መስታወት ነጥሮ ይመጣል። መስታወቱ በ0.015 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ጨረሩ ሄዶ ሲመለስ 0.03 ሚሊሜትር ይረዝምበታል። ይህ 100 ፌምቶሴኮንድ ነው። ጊዜን በርቀት ትሰፍራለች ማለት ነው። ሌሊት የምትሠራውም ለዚህ ነው። ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር የክፍሉ ሙቀት ይለወጥና ጨረሩ ካነጣጠረችበት ይንሸራተታል።

በዚያ ክሪስታል ውስጥ በቅዝቃዜ ጊዜ 13 የታንታለም አቶሞች ተሰባስበው የዳዊት ኮከብ ቅርጽ ይሠራሉ። አንዱ መሐል፣ 12ቱ ዙሪያውን። በዚህ ጊዜ ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍም። በ2014 ስሎቬኒያ፣ ልዩብልያና ያለው የዮዜፍ ስቴፋን ተቋም ቡድን አንድ ባለ 35 ፌምቶሴኮንድ ብልጭታ ብቻ ተኮሰበት። የክሪስታሉ ሬዚስታንስ በአንዴ ወደቀ። ብልጭታው ካለፈ በኋላም እዚያው ቆየ። እህታችን ያንን ሙከራ በራሷ ክሪስታል ስትደግም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ቁልቁል ወርዶ ሲቀር አይታለች። እንደሚመለስ ጠብቃ ሻይ ቀድታ ተቀመጠች። ሻዩ በረደ፤ መስመሩ አልተመለሰም። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁኔታ የተደበቀው ሁኔታ ይሉታል። ክሪስታሉን ቀስ እያልክ ብታቀዘቅዘው አታገኘውም።

7ኛው ተገርሞ የራሱን ትዝታ አመጣ። አያቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ወናፍ ይነፋላቸው ነበር። አያቱ የጋለውን መጥረቢያ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ጭስ ይላል፤ ብረቱም ይጠነክራል። ያንኑ ብረት አመድ ውስጥ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ሲተዉት ይለሰልሳል። ብረቱ ያው፣ እሳቱ ያው ነው። የተለየው የማቀዝቀዣው ፍጥነት ነው። የክሪስታሉ ታሪክ ከአያቱ ውሃ በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሷም በ8ኛው መልስ ዝምድናውን ተቀበለች። ብልጭታው ኤሌክትሮኖቹን በአንዴ ያሟሟቃቸዋል፤ መልሰው ሲረጉ ግን ወደ ቀድሞው ኮከብ ለመደርደር ጊዜ አያገኙም። መንገድ ላይ ሌላ አሰላለፍ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ።

ከ9ኛው እስከ 12ኛው ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 9ኛው ሱፐርኮንዳክተር ማለታችንን ትተን ልዕለ አስተላላፊ እንበል አለ። 10ኛው ተማሪ የሚፈተነው በሚያውቀው ቃል ነውና አናደናግር አለ። 11ኛው ለዚያ ወፈር ሳሳ ለሚለው የኤሌክትሮኖች ሞገድ የቻርጅ እፍጋት ሞገድ የሚለውን ስም አቀረበ፤ እኔ ወድጄዋለሁ። 12ኛው ደግሞ ፌምቶሴኮንድን ለኬሚስትሪ ያበቃው አህመድ ዘዌይል ግብፅ ተወልዶ በ1999 ኖቤል መሸለሙን አስታወሰና፣ የእኛ ልጆች መቼ የሚል ቁጭት አሰማ። ቁጭቱ ይገባኛል። ጋሼ ግን ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ለመኑ።

13ኛው ወደ ትልቁ ዜና ወሰደን። በ2011 ሃምቡርግ ላይ የሚሠራው የአንድሪያ ካቫሌሪ ቡድንና አጋሮቹ ሱፐርኮንዳክተር ያልሆነ የመዳብ ኦክሳይድ ክሪስታል በኢንፍራሬድ ብልጭታ መቱ። በአንድ ሁለት ፒኮሴኮንድ ውስጥ የሱፐርኮንዳክተር ጠባይ አሳየ። በዚያ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በዝንጉርጉር መስመር ተሰልፈው ጥንዶቹ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ እንዳይፈሱ ያግዷቸዋል። ብልጭታው አጋጁን ሰልፍ ሲያነሳው ፍሰቱ ብቅ አለ ተባለ። በ2016 ደግሞ 60 የካርቦን አቶሞች እንደ እግር ኳስ በተገጣጠሙበትና ፖታሲየም በገባበት ቁስ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ታየ። ይህ ቁስ በተፈጥሮው ከ20 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) በታች ነው ሱፐርኮንዳክተር የሚሆነው። በብልጭታው ግን እስከ 100 ኬልቪን ድረስ ምልክቱ ነበር። ጸሐፊው በደስታ ነው የጻፈው፤ ነገሩ ያለቀለት አድርጎ።

ድምፁ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። 14ኛው ኦፕቲክስ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ አነጋገሩም ቆፍጠን ያለ። በእነዚህ ሁለት ሙከራዎች ማንም ሰው ሽቦ አስገብቶ ሬዚስታንስ አልለካም አለ። የተለካው ከክሪስታሉ ፊት ነጥሮ የመጣ ብርሃን ነው። ከዚያ ተነስቶ ውስጡን ለማስላት ብልጭታው ከላይ ወደ ታች እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ መገመት የግድ ነው። በ2023 ካናዳ ያሉ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግምቱ ከተሳሳተ ተራ ብረት እንኳ ሱፐርኮንዳክተር መስሎ ሊታይ እንደሚችል አሳይተዋል። ላዩ ላይ ያለው ለውጥ ከአንድ ደረጃ በላይ አልጨምርም ሲል፣ ስሌቱ ያንን አያውቅምና አጋኖ ያወጣዋል። ስለዚህ ተማሪ ፊት እንዲህ ያለውን ነገር እንደ እውነት ማቅረብ ኃላፊነት የጎደለው ነው ብሎ ደመደመ። የመጨረሻዋ ቃል ለእኔም ነበረች።

15ኛው በቁጣ መለሰ። ሳይንስን ማጣጣል የለመደብን በሽታ ነው ዓይነት ነገር ጻፈና ሰውየውን በግል ነካ። 16ኛው ራሱ 14ኛው ነው፤ እሱም ለስድቡ ስድብ ጨመረ። ሁለቱንም በውስጥ መስመር አነጋግሬያቸዋለሁ። ስለ ጉዳዩ ግን ከ14ኛው ጋር ነኝ። እንዴት እንደተለካ መጠየቅ ማጣጣል አይደለም። ልጅቷ ከእኔ የምትጠብቀውም ይህንን ነው።

17ኛው የጋሼ ነው፤ ለሁለቱም ልጆቼ ብለው ጀመሩ። የ2016ቱ ጽሑፍ ርዕስ ራሱ ሊሆን የሚችል የሚል ቃል እንዳለበት አስታወሱ። ደራሲዎቹ ራሳቸው ጥንቃቄ ካደረጉ እኛ ለምን እንቸኩላለን አሉ። ቀጥለውም ሱፐርኮንዳክተር ሁለት መታወቂያ እንዳለው አስረዱ። አንዱ ሬዚስታንስ ማጣት ነው። ሁለተኛው ማግኔታዊ መስክን ከውስጡ ገፍቶ ማስወጣት። ሁለተኛው ምስክር ቢገኝ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል።

18ኛው ያንን ምስክር ይዞ መጣ። በ2024 የሃምቡርጉ ቡድን ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ክሪስታል ማግኔታዊ መስክ ውስጥ አስቀምጦ በብልጭታ መታው። ከጎኑ ሌላ ክሪስታል አኖሩ። መስኩ ሲለወጥ በዚያ ክሪስታል ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን አቅጣጫው ይዞራል፤ በዚያ ነው የለኩት። ከተመታው ክሪስታል አጠገብ መስኩ ሲጨምር አዩ። ከውስጥ የተገፋው ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። 14ኛው ሰውዬ በ19ኛው ተመልሶ ይህ ማስረጃ ከመጀመሪያው እንደሚጠነክር አመነ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሳይደግሙት ግን አልፈርምም አለ። ድምፁ ረግቦ ነበር።

20ኛው መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። ቀጥታ የእኔን አቋም ነው የመታው። ብርሃን ከማሞቅ ያለፈ ነገር ይሠራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ማሞቅ ብቻውን፣ ፈጣን እስከሆነ ድረስ፣ አዲስ ነገር እንደሚሠራ አሳየኝ። ምሳሌው የጋዶሊኒየም፣ የብረትና የኮባልት ውህድ ነው። በውስጡ ጋዶሊኒየሙና ብረቱ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ማግኔቶች ናቸው። ብልጭታ ሲመታቸው ብረቱ ቶሎ ማግኔትነቱን ያጣል። ጋዶሊኒየሙ ይዘገያል። በዚያች ክፍተት ብረቱ ተገልብጦ፣ ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲመለከቱ በ2011 ታይቷል። ሲረጋጉ ሁለቱም ተገልብጠው ይገኛሉ። ሌላ ማግኔት ሳያስፈልግ፣ በሙቀት ብቻ ይህ እንደሚሆን በ2012 ታተመ። ምድጃ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ማግኔትነቱን ያጣ ነበር እንጂ አይገለበጥም። ስለዚህ የመክፈቻ ጽሑፌ ስህተት አለበት። ማሞቅና ብርሃንን እንደ ተቃራኒ ማቆም አልነበረብኝም። የ7ኛው አያት ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር።

21ኛው ስለ መብራት ጠየቀ። ይህ ነገር መቼ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ይመጣል፣ ከግድብ እስከ ከተማ የሚባክነው ኃይል ይቀንስ ይሆን? ጥያቄው ከልብ የመነጨ ነው። በፒኮሴኮንድ የሚጠፋ ነገር ሽቦ አይሆንም ብዬ ራሴ መለስኩለት። የሚታሰበው ለማስታወሻ ቺፕና ለፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ ነው። 22ኛው ግን ዕድሜው ሊረዝም እንደሚችል አሳየን። የኤምአይቲ ቡድን በ2024 መጨረሻ ላይ ያወጣው ነው። ከብረት፣ ከፎስፈረስና ከሰልፈር የተሠራ ክሪስታል አለ። ጎረቤት አቶሞቹ ተቃራኒ ስለሚቆሙ ከውጭ ሲታይ ማግኔት አይደለም። የአቶሞቹን ንዝረት በሚገጥም የቴራኸርትዝ (በሴኮንድ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል የሚወዛወዝ) ብልጭታ ሲመቱት ማግኔትነት አወጣ። ከ2.5 ሚሊሴኮንድ በላይም ቆየ። ይህ የሆነው ክሪስታሉ ሥርዓቱን ወደሚያጣበት 118 ኬልቪን ሲጠጋ ነው። 2.5 ሚሊሴኮንድ ለእኛ ምንም አይደለም። ከአንድ ፒኮሴኮንድ ጋር ሲተያይ ግን ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይረዝማል።

23ኛው የተማሪዬ ነው። ክሩን ልኬላት ሁሉንም አንብባ አካውንት ከፈተች። ለሁላችሁም አክብሮቷን ገልጻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። 6ኛዋ እህት መስመሩ አልተመለሰም ብላ ነበር። እንዲመለስ ከፈለጉስ ምን ያደርጋሉ?

24ኛው ከጀርመን መጣ፤ እንደ ልማዷ ሌሊት ላይ ተጽፎ። በዚያች ክሪስታል ላይ ብልጭታው የጻፈው የሚጠፋው ስትሞቅ ነው። ቀስ ብላ ታሞቃታለች፤ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮከቦቹ እንደገና ይሰለፋሉ። የ7ኛው አያት መጥረቢያም ደግሞ ግሎ አመድ ውስጥ ቢቀበር ይለሰልሳል ብላ ለልጅቷ ጨመረችላት። ከዚያ ታቀዘቅዛታለች፤ አንድ ብልጭታ ትተኩሳለች፤ መስመሩ እንደገና ይወርዳል። ዛሬ ማታ ይህንን ለ4ኛ ጊዜ እየደገመችው ነው፤ ስትጨርስ የመስመሩን ፎቶ እዚህ ልትለጥፍላት ቃል ገብታለች።